በእግሯ ትሂድ

ሻንጣዬ ከሁሉም ሻንጣ ይከብድ ነበር። ቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ሚዛን ላይ ሲወጣ አሰልጣኛችን ተካልኝ ቀና ብሎ እናቴን አያት። እናቴ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ አድርጋ ፊቷን አዞረች። «ናይሮቢ ሐምሌ ላይ ይበርዳል አሉ» አለች፣ ማንም ሳይጠይቃት።

እውነቷን ነው፣ ይበርዳል። ግን ለጥቂት ቀን የቼዝ ውድድር ጋቢ፣ ሹራብ በሹራብ ላይ፣ ከእግሬ የሚሰፋ አዲስ ጫማና የጥምቀት ቀሚሴ ምን ያደርጉልኛል? አሥራ አንድ ዓመቴ ነበር፤ ለሁሉም ነገር መልስ ነበረኝ። ጫማው እናቴ ቁጥር ተሳስታ ነው። የጥምቀት ቀሚሴ ዋንጫ ስቀበል የምለብሰው ነው። ጋቢው ደግሞ፣ መቼም እናቴ ብርድ ትፈራለች።

ከቡድናችን በዕድሜ ትልቁ ኪሩቤል ሻንጣውን ሊያግዘኝ ሞክሮ፣ «አንቺ ልጅ፣ ወፍጮ ነው እንዴ የጫንሽው?» አለኝ። ሁሉም ሳቁ። ከሁሉም አብልጬ የሳቅኩት እኔ ነበርኩ።

ይኸው ዛሬ ሃያ ሰባት ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እዚያው ናይሮቢ ነኝ። ኪሊማኒ ውስጥ በአንድ የእርዳታ ድርጅት እሠራለሁ። ማታቱ በሚሉት ሚኒባስ ውስጥ ከረዳቱ ጋር በስዋሂሊ ተከራክሬ እረታለሁ። ግን ሻንጣ የያዘ ልጅ ባየሁ ቁጥር ዓይኔ ልጁን ትቶ ሻንጣው ላይ ያርፋል።

ነገሩ የተቆረጠው በዚያው በጉዞው ዓመት ፋሲካ ነው። የእናቴ ታላቅ እህት ሚርያም ከናይሮቢ መጥታ ነበር። ባሏ ጋሽ ፍሥሐ በአንድ ዓለም አቀፍ ድርጅት ውስጥ ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሩንዳ በሚባል ሰፈር ግቢው ሰፊ፣ ዛፉ ብዙ የሆነ ቤት አላቸው። የሌላቸው ልጅ ብቻ ነው። እኔ ይህን የማውቀው እንደ ተራ ነገር ነበር፣ እኛ መኪና እንደሌለን ሁሉ።

ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት «ለእረፍት» ብለው ከአክስቴ ጋር ሊልኩኝ ሞክረው ነበር። ቦሌ በር ላይ የእናቴን ቀሚስ ጨምድጄ ይዤ እሪ አልኩ። የሚገባውም የሚወጣውም ሰው ቆሞ አየን፤ ፖሊስ ሳይቀር መጣ። በመጨረሻ እናቴ ራሷ እያለቀሰች ይዛኝ ወደ ሽሮ ሜዳ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ነገሩ ቤታችን ውስጥ ሲነሳ አልሰማሁም፤ የተረሳ መሰለኝ።

የፋሲካ ዕለት ከምሳ በኋላ አያቴ አባባ መኳንንት ቤቱን ሁሉ ዝም አሰኙ። የእናቴ አባት ናቸው፤ ከደብረ ሲና ሲመጡ ነጭ ማር ሳይዙ አይመጡም። ማሩን በጎድጓዳ ሳሕን አስቀረቡና «ሠርክ፣ ነይ እስቲ» አሉኝ። አክስቴ አውራ ጣቷን ማሩ ውስጥ ነክራ ወደ አፌ አስጠጋችው።

«ጥቢ» አሉኝ አያቴ።

ጠባሁ። ማሩ ጉሮሮ ይከረክራል፤ ከሥሩ የአክስቴ የእጅ ቅባት ይሸታል። ሴቶቹ እልል አሉ። ጋሽ ፍሥሐ መነጽራቸውን አውልቀው ዓይናቸውን ጠረጉ። «ማር ሲሰፍሩ ማር ይናገሩ» አሉ አያቴ፤ «ዛሬ ክፉ የሚናገር የለም፣ የሚያለቅስም የለም።» ይህን ሲሉ የሚያዩት እናቴን ነበር።

አክስቴ አቅፋ ደረቷ ላይ ለጠፈችኝ። «የኔ እናት፣ ከሁሉ ነገር አብልጠሽ ምን ትወጃለሽ?» አለችኝ።

«ቼዝ!»

ሁሉም ከት ብለው ሳቁ። «እንግዲያው በቼዝ ያምጣሽ» አለችኝ።

እኔ ምን ይገባኛል! ማሩ ለቼዝ የተሰጠኝ ምርቃት መሰለኝ። ማታ ደግሞ ጓዳ በር ላይ ስጫወት አያቴ ለእናቴ «በእንባ የተሰጠ አይበረክትም። እንዳትጎትቷት። በእግሯ ትሂድ» ሲሏት ሰማሁ። አያቴ አንዲት ጊደር ለአጎቴ እሰጣለሁ እያሉ ሰንብተው ነበርና የሚያወሩት ስለ ጊደሯ መሰለኝ። ጊደር እንዴት ታለቅሳለች ብዬ ግን ትንሽ ገርሞኛል።

ሰኔ ላይ ተካልኝ በሰፈራችን የወጣቶች ማዕከል ሰበሰበንና «ናይሮቢ ለሚደረገው የታዳጊዎች ውድድር አራት ልጅ እወስዳለሁ» አለን። ያኔ ጋሽ ተካልኝ ነበር የምለው፣ አንቱም እለው ነበር። አሁን ስጽፍ አንቱታው ከብዕሬ አልወጣ ብሎኛል፤ ለምን እንደሆነ ወደ ኋላ ይገባችኋል። ከወንዶቹ ኪሩቤልና ቶማስ ተመረጡ። ከሴቶቹ የወንበር ጓደኛዬ ሮሃ ገባች። የቀረው አንድ ቦታ ለእኔ ወይም ለኢንሳፍ ነበር።

ኢንሳፍ የባለሱቁ የጋሽ ፈድሉ ልጅ ናት። እኔ ገና የመጀመሪያውን እርምጃ ሳስብ እሷ አምስተኛው ላይ ትደርሳለች። አንድም ቀን አሸንፌያት አላውቅም፤ አቻ እንኳ ወጥተን አናውቅም። በዚያን ቀን ግን ንግሥቷን አንስታ ፈረሴ አፍ ውስጥ አስቀመጠችልኝ። ቀና ብዬ አየኋት። እሷ የሰሌዳውን ጠርዝ ታያለች፤ ጆሮዋ ቲማቲም መስሏል። በላኋት።

ጨዋታው ሲያልቅ አልጨበጠችኝም። ወጥታ ቧንቧው አጠገብ ስታለቅስ ተካልኝ ተከትሏት ሄደና አጎንብሶ ብዙ አናገራት። ተሸንፋ ነው የምታለቅሰው ብዬ፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ። እየዘለልኩ ቤት ገብቼ «ኢንሳፍን አሸነፍኳት! ናይሮቢ ልሄድ ነው!» ስላት እናቴ የያዘችውን ሳሕን አስቀምጣ ቁጭ አለች። አንገቷ ሥር አስገብታኝ ስታለቅስ ከደስታ ብዛት ነው አልኩ።

በጉዞው ቀን ቦሌ ማንም አልጎተተኝም። በሩ ላይ የእናቴን እጅ ለቅቄ ወደነ ሮሃ ሮጥኩ። እንዲያውም በዚህኛው ጊዜ ቀሚስ ጨምድዳ የያዘችው እሷ ነበረች። «እማዬ፣ ልቀቂኝ እንጂ፣ ይሄዱብኛል!» አልኳት።

ለቀቀችኝ።

አክስቴ በትልቅ ነጭ መኪና ተቀበለችን። ቡድኑ በሙሉ የሚያርፈው እሷ ቤት ነው ሲባል እኔ ደረቴን ነፋሁ፤ የማን አክስት ሆነችና! ሩንዳ ዝምታዋ ያስፈራል። በሰፈራችን ሰው ሲያስነጥስ ጎረቤት ይማርሽ ይላል፤ እዚያ አጥሩ ከዛፉ ይረዝማል፣ በየበሩ አስካሪ የሚሏቸው ዘበኞች ተቀምጠዋል። ወንዶቹ ሳሎን ፍራሽ ተዘረጋላቸው፣ ሮሃ የእንግዳ ክፍል ተሰጣት። እኔ ብቻ ፎቅ ላይ መጋረጃው ብርቱካናማ የሆነ ክፍል ገባሁ። መጻፊያ ጠረጴዛ አለው፤ ቁም ሣጥኑ ባዶ ነው፤ ማንጠልጠያዎቹ የልጅ ናቸው።

«የማን ክፍል ነው?» አልኩ።

«የእንግዳ ነዋ» አለች አክስቴ፣ አልጋውን ደጋግማ እያስተካከለች።

ብርቱካናማ እንደምወድ በምን እንዳወቀች አልጠየቅኩም። ሮሃ ግን በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ዙሪያውን አየች፣ ከዚያ እኔን አየችኝ። «አንቺ ለምንድን ነው ለብቻሽ?» አለችኝ። «አክስቴ ስለሆነች ነዋ» አልኳት። ቀናችብኝ ብዬ ነበር።

ውድድሩ የሚደረገው አንድ ትምህርት ቤት አዳራሽ ውስጥ ነበር። ከኡጋንዳ፣ ከታንዛኒያ፣ ከሩዋንዳ የመጡ ልጆች ነበሩ፤ ኬንያዎቹማ ለቁጥር ያታክታሉ። ወለሉ ሰም ተቀብቶ ያንሸራትታል፤ ሁሉም የጨዋታ ሰዓቱን ሲመታ አዳራሹ ውስጥ በቆሎ የሚፈነዳ ይመስላል። የመጀመሪያ ጨዋታዬን ተሸነፍኩ፣ ቀጥዬ አንዱን አቻ ወጣሁ፣ ከዚያ አንዲት ኡጋንዳዊት አሸነፍኩ። አክስቴ በየቀኑ መጥታ ከወላጆች ወንበር ላይ ትቀመጣለች። የሌሎቹ እናቶች «የትኛዋ ናት ያንቺ?» ብለው በእንግሊዝኛ ሲጠይቋት ወደ እኔ ስትጠቁም አይቻለሁ። ምን ታድርግ፣ የእህቴ ልጅ ናት ብሎ ማስረዳት አድካሚ ነው ብዬ አለፍኩት።

በመጨረሻው ቀን ጠዋት ሁሉም ሻንጣውን አውርዶ መኪናው ላይ ጫነ፤ ከአዳራሹ ቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ነው ተብሏል። የእኔ ግን ፎቅ ላይ ቀረ።

«ሻንጣዬስ?» አልኩ።

«ከባድ ነው እኮ የኔ እናት። ጋሽ ፍሥሐ ያመጡልሻል» አለችኝ አክስቴ።

ሮሃ ከኋላ ወንበር ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። የፀጉር ማስያዣዋን፣ ያችን ስለምናት ዓመቱን ሙሉ የከለከለችኝን ቢራቢሮ፣ ከራሷ ላይ ነቅላ እጄ ላይ አስጨበጠችኝ። «ላንቺ» አለችና በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች። ለመጨረሻው ጨዋታ እንዲቀናኝ ነው ብዬ ወዲያው ፀጉሬ ላይ ሰካሁት።

የገጠመችኝ ኬንያዊት ልጅ ጥርሷ ላይ ብረት ያላት፣ ቀጭን ልጅ ነበረች። እየመራኋት ነበር። ይህን በኩራት ነው የምናገረው፤ እየመራኋት ነበር! ግን ወንበሬ ከመስኮቱ ትይዩ ነው። የአክስቴ መኪና ውጭ ቆማለች፤ በኋላ መስታወቷ የነኪሩቤል ሻንጣዎች ይታያሉ፣ የእኔ የለም። ጋሽ ፍሥሐ ቢረሱትስ? የጥምቀት ቀሚሴ እኮ እሱ ውስጥ ነው፤ በምን ልሸለም ነው? አንድ ጊዜ መስኮቱን፣ አንድ ጊዜ ሰሌዳውን ሳይ ፈረሴ ተበላ። ቀጥሎ ሩኬ። በመጨረሻ ልጅቷ ንጉሤን ጥግ አስያዘችውና እጇን ዘርግታ «ፖሌ» አለችኝ፤ አይዞሽ እንደማለት ነው። ጥሩ ልጅ ነበረች። ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ቃል ያጽናናኝ ሰው ብዙ ነው፤ እንደሷ ከልቡ ያለኝ ግን አላጋጠመኝም።

ተካልኝ ይቆጣል ብዬ ስጠብቅ ራሴን ዳበሰኝ። «ጎበዝ ነሽ» አለኝ። ፊቴን ሳያይ ነው ያለኝ። ጎበዝ ብሆን ኖሮ ለምን አያየኝም?

ከሽልማቱ በኋላ፣ ቡድናችን ሦስተኛ ወጥቶ ትንሽ ዋንጫ አግኝቷል፣ አንድ ሚኒባስ መጣና የሦስቱ ሻንጣ ከአክስቴ መኪና ወደሱ ተዛወረ። ኪሩቤል ገባ። ቶማስ ገባ። ሮሃ ሳታየኝ ገባች። እኔ እግሬን ሳነሳ አክስቴ እጄን ያዘችኝ።

«እኔስ?»

ተካልኝ ተንበረከከ። «አንቺ ትንሽ ትቆያለሽ ሠርክ። አክስትሽ ጋ ሆነሽ ደህና አድርገሽ ትለማመጃለሽ» አለኝና የራሱን ታጣፊ ሰሌዳ ሰጠኝ። ውስጡ አንድ ጥቁር ወታደር ጠፍቶ በቦታው የለስላሳ ቆርኪ አለበት።

ገባኝ። ማለቴ፣ የገባኝ መሰለኝ። ተሸንፌያለሁ፤ ስለዚህ ተቀጣሁ። «ጋሼ፣ በሚቀጥለው አሸንፋለሁ! እመጣለሁ አይደል?» ብዬ ከሚኒባሱ ኋላ ጮኽኩ። አላለቀስኩም። የሚያለቅስ ልጅ ውድድር አይወሰድም፤ ያለው ራሱ ነው።

ማንም ስለተሸነፍሽ ነው የቀረሽው አላለኝም። አይደለምም ያለኝ የለም። ስለተመቻቸው ዝም አሉ። እኔም በዚያ ዝምታ ላይ ሕይወቴን ሠራሁ። ያ ሰፊ ጫማ በቀጣዩ ዓመት ልክ ሆነኝ። ትምህርት ቤት ገባሁ፣ ሲኞራ የሚሏት መምህር ስሜን «ሳርክ» እያለች ጠራችኝ፣ ከትምህርት ስመለስ በቆርኪው ወታደር ብቻዬን ተጫወትኩ። እሑድ እሑድ እናቴ ስትደውል «ሳሸንፍ እመጣለሁ አይደል እማዬ?» እላታለሁ። «እሺ የኔ ማር» ትለኛለች። ያ «እሺ» እስከዛሬ ያመኛል። እምቢ ብትለኝ ኖሮ ይሻለኝ ነበር።

በዓመቱ የትምህርት ቤቶቹን ውድድር አሸነፍኩ። በደንብ፣ ማንም ሳይረዳኝ አሸነፍኩ። ቤት ስገባ የጥምቀት ቀሚሴን ለበስኩ፤ አጥሮ ጉልበቴ ላይ ደርሷል። ሻንጣዬን ደረጃውን እየጎተትኩ አውርጄ፣ ሜዳሊያዬን አንገቴ ላይ አድርጌ ወደ ግቢው በር ሄድኩ።

አስካሪው ከወንበሩ ተነሳ። «ኡናኤንዳ ዋፒ?» አለኝ፤ ወዴት ነው?

«ናኤንዳ ኙምባኒ» አልኩት። ወደ ቤቴ።

ሰውየው ዞሮ ቤቱን አየና ግራ ተጋብቶ መልሶ እኔን አየኝ።

አክስቴ በነጠላ ጫማ እየሮጠች መጣች። ሜዳሊያውን አንስቼ አሳየኋት። «አሸነፍኩ! አሁን መሄድ እችላለሁ!»

«ማን ነው ካሸነፍሽ ትሄጃለሽ ያለሽ የኔ እናት?»

አሰብኩ። ብዙ አሰብኩ። ማንም አላለኝም ነበር።

ጋሽ ፍሥሐ ከበረንዳው ላይ ሆነው «ንገሪያት ሚርያም። ግፍ ነው» አሉ። አክስቴ መሬቱ ላይ፣ ሻንጣዬ አጠገብ ቁጭ አለች። ልብሷ ስለሚቆሽሽ እንኳ አልተጨነቀችም። «ማሬን ጠብተሽ የለ!» አለችኝ። «በአባባ ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ እናትሽ እያየች። ከዚያን ቀን ጀምሮ የጡት ልጄ ነሽ። ልጄ ነሽ እኮ። የምትሄጂበት ሌላ ቤት የለም።»

በአገራችን የቆየ ወግ ነው። ልጅ የሌለው ሰው የዘመድ ልጅ ሲሰጠው ጣቱን ማር ነክሮ ያጠባዋል፤ ማሩ በጡት ምትክ ነው። ከዚያ በኋላ ልጁ የሱ ነው። አያቴ ደግሞ በራሳቸው በኩል ሕግ ጨመሩበት፤ በእንባ የሄደ ልጅ ለማንም ስለማይበጅ በፈቃዷ፣ በእግሯ ትሂድ አሉ። እኔም በእግሬ ሄድኩላቸው። ሮጬ!

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። እናቴ ታውቃለች፣ አያቴ ያውቃሉ፣ እልል ያሉት ሴቶች ያውቃሉ። ሮሃ እንኳ አንድ ጠዋት ትልልቆቹ ሲያወሩ ሰምታ አውቃ ነበር፤ ለዚያ ነው ያቺን ቢራቢሮ የሰጠችኝ። ያላወቅኩት እኔ ብቻ ነኝ።

«እማዬ፣ ሰጠሽኝ?» አልኳት በሚቀጥለው እሑድ።

«እትዬ እኮ ናት እኔን ያሳደገችኝ» አለችኝ እናቴ እያለቀሰች። «ያላትን ሁሉ ሰጥታኝ፣ አንድ ነገር ስትለምነኝ ምን ብዬ እምቢ ልበላት? ደግሞ አንቺም ይሻልሻል ብዬ ነው።»

«እሷን እምቢ ለምን አላልሽም አይደለም ያልኩሽ። እኔን ለምን አልጠየቅሽኝም?»

«የኔ ማር...» ብቻ አለችኝ። ከዚያ በኋላ ማንም ሰው ማር ብሎ እንዲጠራኝ አልፈቅድም።

አክስቴ ክፉ ሴት አይደለችም። ሲያመኝ አልጋዬ ሥር ወለል ላይ ተኝታለች፣ አስተምራኛለች፣ እወዳታለሁም። ይህን ታሪክ የነገርኳቸው ቼዝ ተጫዋቾች ግን ጭንቅላታቸውን እየነቀነቁ መሥዋዕትነት ምናምን ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። ቼዝ ውስጥ ወታደር ስትሰዋ ቢያንስ አታታልለውም። ዋንጫ ልትቀበል ነው ብለህ የጥምቀት ቀሚስ አትሸክፍለትም።

አንድ ነገር ግን ቀርቶልኝ ነበር። ሁሉም ነገር በትልልቆቹ እጅ ቢቀመርም ቡድኑ ውስጥ የገባሁት እኔው ነኝ። ኢንሳፍን አሸንፌ ነው። ሰጥተውኝ ሊሆን ይችላል፣ የመጣሁት ግን በራሴ ጉልበት ነው። ናይሮቢ ውስጥ ባዳ የሆንኩ ሲመስለኝ፣ ሥራ ስፈልግ፣ ሰው ሲንቀኝ፣ ያቺን ጨዋታ አስታውሳታለሁ። አንዴ ከኔ የምትበልጠውን አሸንፌያለሁ እላለሁ።

ባለፈው ሐምሌ በናይሮቢ ኢትዮጵያውያን የቴሌግራም ገጽ ላይ «የታዳጊዎች ቼዝ ቡድናችን ውድድሩን ጨርሶ ሊመለስ ነውና መጥታችሁ ምሳ አብረን እንሸኛቸው» የሚል መልእክት አየሁ። ምሳው ኪሊማኒ ከቢሮዬ ብዙም የማይርቅ የኢትዮጵያ ምግብ ቤት ነበር። አሰልጣኙ ተካልኝ መሆኑን ያወቅኩት በር ላይ ስደርስ ነው። ፀጉሩ ሸሽቷል፣ ትከሻው ጎብጧል፣ ያኔ ስንጫወት የሚያፏጫት ፉጨት ግን ያቺው ናት።

«ሠርክ!» አለ ተነስቶ። «የኔ ልጅ፣ እንዴት አደግሽ በእናትሽ!» ሦስቴ ሳመኝ፤ አጠገቡ አስቀመጠኝ። ለልጆቹ «ይቺ ልጅ በናንተ ዕድሜ ቡድናችን ውስጥ ነበረች» አላቸው። ልጆቹ ክትፎውን እየተሻሙ ነበርና ብዙም አላዳመጡትም።

ቂም የያዝኩበት አልመሰለኝም። እሱ ምን ያድርግ፣ ቤተሰብ የወሰነውን ነው የፈጸመው እል ነበር። እንዲያውም ላስቀው ፈልጌ «መቼም ጋሼ፣ ማሩንም አጠቡኝ ሻንጣዬንም ሸከፉልኝ፤ ኢንሳፍን ግን ያሸነፍኳት እኔው ነኝ» አልኩት።

አልሳቀም። ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ አዞረው፣ መልሶ አዞረው።

«ጋሼ?»

«ይህን ያህል ዓመት ቆይቶ...» አለ። «የምታውቂ መስሎኝ።»

«ምኑን?»

«ልቀቂላት ብያት ነው ሠርክ። ማረፊያ አልነበረንም እኮ። ጉዞው ሊሰረዝ ነበር። አክስትሽ፣ ሠርክ ካለችበት ቡድኑ በሙሉ ቤቴ ይረፍ አለች። አያትሽ ደግሞ አልቅሳ አትሄድም አሉ። አንቺ የምትሄጂው በምን ነው? በቼዝ ነው። ምርጫው ላይ ደግሞ ኢንሳፍ አለች።» እጁን ዘረጋ፣ ሌላ ምን ላድርግ እንደሚል ሰው። «ሦስት ልጅ አገር እንዲያይ ብዬ ነው። አንቺም ብትሆኚ መጥፎ ቦታ አልገባሽም፤ ይኸው።»

«እሷስ?»

«በሚቀጥለው ዓመት እወስድሻለሁ ብያት ነበር። በሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ጠፋ፣ ሳንሄድ ቀረን። ከዚያ ወዲህ ማዕከሉ ድርሽ ብላ አታውቅም።»

የቀላው ጆሮዋ ታየኝ። ንግሥቷን ስታስቀምጥ ጣቶቿ ትንሽ ዘግይተው ነበር የለቀቋት። አሁን ነው ያስተዋልኩት። እየዘለልኩ በአጠገቧ ማለፌም ትዝ አለኝ። ሁለት ልጆች በአንድ ሰሌዳ ላይ አስቀምጦ ሁለታችንንም አታለለን፤ እሷ ግን እያወቀች ነበር።

«እናንተ ሰዎች» አልኩት፣ «ቤቴን ወሰዳችሁ፣ እሺ። ያቺን አንዲት ጨዋታ እንኳ አትተዉልኝም?»

መልስ እስኪሰጠኝ አልጠበቅኩም። ምን ይለኛል? የሚኒባሱ ሾፌር ገብቶ «ትወንዴ፣ ትወንዴ፣ እንሂድ፣ መንገዱ ተዘጋግቷል» እያለ ልጆቹን ማጣደፍ ጀመረ። የልጆቹ ሻንጣዎች ከግድግዳው ሥር ተደርድረው ነበር። መጨረሻ ላይ ያለው ሐምራዊ ነው፤ ባለቤቱ ሻሿ ወደ ኋላ የሸሸ፣ እጇ በሚሪንዳ የተጣበቀ ትንሽ ልጅ ነበረች።

«ስምሽ ማነው?» አልኳት።

«ላሚያ።»

«ላሚያ፣ ከነሱ ጋር ነው የምትመለሺው?»

ጥያቄው የጅል ጥያቄ መሰላት መሰለኝ፣ አፏን በእጇ ይዛ ሳቀች። «አዎ! እማዬ ቦሌ ትጠብቀኛለች። ከሽሮ ሜዳ ነው የምትመጣው።»

«ላግዝሽ» ብዬ የሻንጣዋን ማንጠልጠያ ያዝኩ። ክብደቱን ፈርቼ እግሬን ሰፋ አድርጌ ቆሜ፣ ትንፋሼን ሰብስቤ፣ ባለ በሌለ ኃይሌ አነሳሁት።

ምንም አይከብድም። አንድ ሹራብ ቢኖርበት ነው። በሕይወቴ እንደዚያች ልጅ በማንም ቀንቼ አላውቅም።